ቅጽ አንድ ካለቀ ቅጽ ሁለትን ማን ይገዛል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአማርኛ ደራሲ ከፍቅርና ከታሪክ ውጭ መጻፍ አይደፍርም የሚል አስተያየት ሰሞኑን እናንተ ጋ አነበብኩ። የምንደፍር አለን። እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ ማርስ ላይ ስለሰፈረ ጦር ነው የምጽፈው። ሁለት ቅጽ በራሴ ወጪ አሳትሜያለሁ። ሦስተኛው ተጽፎ አልቆ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተኝቷል።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀኝን ልመልስ። ጦርነት አልበቃንም ወይ፣ ያውም እዚህ ተቀምጠህ? ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። እኔን ግን የሳበኝ ተኩሱ አይደለም። የሬዲዮ መልእክት ከማርስ ምድር ለመድረስ፣ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። እዚያ ያለች አንዲት መቶ አለቃ “ላፈግፍግ ወይ?” ብላ ብትጠይቅ መልሱ እስኪመጣላት ነገሩ አልቆለታል። ታዲያ በኋላ የሚጠየቀው ማን ነው? ሁለቱም ቅጾች የሚዞሩት እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ረቂቁን ሽምብጥ ሰፈር ጎረቤቴ ለሆኑ አንድ ጡረተኛ አሥር አለቃ ሰጥቻቸው ነበር። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለን ስለ ጠፈር መርከቦቹም ስለ መሣሪያውም አንድ ቃል አልተነፈሱም። “ልጄ፣ ለመሆኑ ውሃውን ማነው የሚያመጣላቸው?” አሉኝ። ከዚያ ስለ ውሃ ቦቴ፣ እግር ስለሚልጥ አዲስ ጫማ፣ ደሞዝ ሲዘገይ ምሽግ ውስጥ ስለሚወራው ወሬ ሲያጫውቱኝ መሸ። አብዛኛው ቅጽ ሁለት ውስጥ ገብቷል፤ አንባቢ ሲደውልልኝም የሚያወራኝ ስለዚያ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ አገር ደራሲው ራሱ አሳታሚ ስለሆነ በራስ ማሳተም ብርቅ አይደለም፣ ነውርም የለውም። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የማተሚያ ፕሌቱና የማሽን ማስነሻው ወጪ ጥቂትም አሳተማችሁ ብዙ ያው ነው፤ ስለዚህ ብዙ ስታሳትሙ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል፣ ብዙ ለማሳተም ደግሞ ብዙ ብር ቀድሞ መከፈል አለበት። ወረቀቱ ዶላርን ተከትሎ ይወጣል፣ ያለፈው ወር ፕሮፎርማ በዚህ ወር አይሠራም ትባላላችሁ። መጽሐፉ ሲወጣ ለመደብርና ለአዟሪ በዱቤ ይበተናል፣ ሲሸጥ ይከፈልሃል ነው ነገሩ፣ እና መቼ እንደሚሸጥ አንድዬ ነው የሚያውቀው።

ለአንድ ወጥ ልብ ወለድ ይህ አንዴ የሚታለፍ መከራ ነው። ለተከታታይ ድርሰት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቅጽ ሁለት ሲወጣ ቅጽ አንድ ከገበያ አልቆ ነበር። ጣና ዳር መጽሐፍ ደርድሮ ክንዱ ላይ ተሸክሞ የሚዞር ልጅ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። አንዲት ወጣት መጽሐፌን አነሳች፣ ጀርባውን አነበበች፣ ደስ አላት መሰለኝ ቦርሳዋን ከፈተች። “አንደኛውስ?” አለችው። የለም። መልሳ ሰጠችው። ስለዚህ ሁለተኛውን ለመሸጥ አንደኛውን ደግሞ ማሳተም፣ ሦስተኛውን ለማውጣት ደግሞ ሁለቱንም።

ቅጽ አንድን ስካን አድርገው ቴሌግራም ላይ የለቀቁት ሰዎች አናደውኛል፤ የቅጂ መብት አዋጁም፣ ቁጥር 410/1996፣ ከእኔ ጋር ነው። ቅጽ ሁለትን ከገዙኝ ውስጥ አንደኛውን እዚያው ያነበቡ መኖራቸው ደግሞ አልጠፋኝም። ንዴቱ ግን አለ።

ፈረንጆቹ ይህን ጣጣ በሌላ መንገድ ነው ያለፉት። በጀርመን ጦር ውስጥ ያገለገለው ማርኮ ክሉስ የጠፈር ጦር ተከታታዩን እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱ አማዞን በሚባለው የኢንተርኔት መደብር ላይ በኢ-ቡክ፣ ማለትም በስልክና በኮምፒውተር በሚነበብ መጽሐፍ፣ ጀመረ። እዚያ ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር በሚሸጥ ኢ-ቡክ ደራሲው እስከ 70 በመቶ ያገኛል። ቅጽ አንድ ደግሞ አያልቅም፣ ፋይል ነዋ። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስካልዚ እ.ኤ.አ. በ2002 የወታደር ልብ ወለዱን በክፍል በክፍል ድረ ገጹ ላይ በነፃ አወጣ፤ አሳታሚ እዚያው አይቶ ገዛውና በ2005 ታተመ።

እኔ አማዞን ክፈቱልኝ አላልኩም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ መጽሐፍ ሲተርክ ሰው ቀጣዩን ክፍል በጉጉት ይጠብቅ የነበረበት አገር ነው፤ በክፍል በክፍል መከታተልን ማንም አያስተምረንም። የምጠይቃችሁ በሳምንት ግማሽ ገጽ ነው፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ተከታታይ ድርሰት ይዞ ለተቀመጠ ሁሉ በየተራ። ክፍያው ይቅርብኝ። ከሥሩ ቅድሚያ ከፍሎ መጽሐፉን ለማስያዝ የሚፈልግ የት እንደሚመዘገብ ብቻ ጻፉልኝ። ስንት ሰው እንደሚፈልገው ካወቅኩ ስንት ኮፒ እንደማሳትም አውቃለሁ፣ ማተሚያ ቤት የምሄደውም ብር ይዤ ነው።

የቅጽ አንድን የመጀመሪያ ምዕራፍ አብሬ ልኬያለሁ። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፤ ስለ ውሃው ያለውን ግን አደራ እንዳትነኩብኝ።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ