ለቃሬዛ ተሸካሚዎች አስተማሪ ይላክልን

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

የምጽፍልዎ ከለጋምቦ ደጋ፣ ከደቡብ ወሎ ነው። አምቡላንስ ይጨመርልን ለማለት አይደለም፤ እሱን የሚጠይቅ አይጠፋም። የኔ ጥያቄ ከዚያ በጣም ርካሽ ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴን በሬ ወጋው። ቀንዱ ባቱን ቀደደው። ጩኸት ተሰማ፣ የቅሬው ዳኛ ሰው ጠራ፣ ቃሬዛዋ ወጣች። ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም፤ እርስዎ ከሌላ አገር ከሆኑ ግን እድር ማለታችን ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚገባበት። የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ይሸከማል። ቃሬዛ ተጠርቶ የቀረ ስለሚቀጣ የሚቀር የለም። አራት አራት ሆነን እየተፈራረቅን፣ በጭቃው ሦስት ሰዓት ተኩል ሄደን መኪና መንገድ ደረስን።

ብርድ እንዳይመታው ጋቢ ደራርበንበታል። እኔ ተራዬ ሲደርስ በእግሩ በኩል ነበርኩ። እጅጌዬ ሲረጥብ ዝናብ መሰለኝ። በለጋምቦ ክረምት ሞቅ ያለ ዝናብ እንደሌለ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

አምቡላንስ ደውለን ነበር፤ ወላድ ይዛ ሌላ ቀበሌ ሄዳለች ተባልን። አልተቀየምንም፣ መጀመሪያም ለየወረዳው የታደሉት በዋናነት ለእናቶች ተብለው ነው። የአንድ አይሱዙ ሾፌር አዝኖ ጫነን። የደረስንበት ተቋም ስሙ ይቅር፤ በሩ ላይ “ካርድ አውጡ” ተባልን፣ ለካርድም ተሰለፍን። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ነርስ ጋቢውን ገለጠችና “ቁስሉን ማን ይዞት ነበር?” አለች። እርስ በርስ ተያየን። አሥራ ስድስት ወንድ ነበርን፣ አንዳችንም አልያዝነውም። ሌሊት ላይ አረፈ። በማግስቱ ያቺው ቅሬ ድንኳን ተከለችለት።

ኋላ ነርሷ እንደነገረችኝ፣ እንዲህ ያለ ደም ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ጨርቅ አጥፎ፣ በመዳፍ ጫን ብሎ፣ ሳይለቁ በመያዝ ይቆማል። ጨርቁ ቢርስም አይነሳም፣ ሌላ ይደረብበታል እንጂ። እኛ ሸፍነን ደሙን ከዓይናችን ደበቅነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህ የአንድ ቀበሌ ወሬ እንዳይመስልዎ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 አገሮች የድንገተኛ ሕክምና ሥርዓታቸውን እንዲያጠናክሩ ወስኗል፤ በ2019 ደግሞ ጉዳዩን ከሁሉን አቀፍ የጤና ሽፋን ጋር አያይዞ መልሶ አንስቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩ ድንገተኛ ሕክምና ሊያግዘው በሚችል ችግር የሚሞት ነው፤ ወሊድ ላይ የሚፈሰው ደም፣ የሕፃናት የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ የመኪና አደጋ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። የመኪና አደጋ ብቻውን በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይገድላል። የኛው ወረዳ ከዚህ ድርሻውን አይቷል። በመጋቢት 2010 ለጋምቦ ውስጥ ገደል በገባው አውቶቡስ 38 ሰው አልቋል፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከገደል ሥር ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ሐኪም አይደለም፣ አራሽና እረኛ ነው።

ሐኪም የለም እያልኩም አይደለም። ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ያሠለጥናል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ስፔሻሊስቱ ግን የሚያገኘው ቃሬዛው ያደረሰለትን ነው።

ልቤን የነካው የሰሜን ኢራቅና የካምቦዲያ ነገር ነው። እዚያም ተራራ፣ እዚያም ፈንጂ፣ እዚያም መንገድ የለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በእነሱ አቆጣጠር) ወደ 5,200 የሚሆኑ የመንደር ሰዎችና 135 የአካባቢ ጤና ሠራተኞች የመጀመሪያ እርዳታ ሠለጠኑ። ቁስለኛው ሆስፒታል እስኪደርስ በአማካይ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር፣ ከኛ ይብሳል። እንዲያም ሆኖ ከቁስለኞቹ የሚሞቱት በጊዜ ሂደት ከ40 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወረዱ። መንገድ ሳይሠራ፣ ሆስፒታልም ሳይጠጋ! በጋናም ከ300 በላይ የታክሲና የጭነት ሾፌሮች እንዲህ ባለ አጭር ሥልጠና አልፈዋል፤ እኛን የጫነን አይሱዙም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከጦርነቱ የተረፈ ፈንጂ ከብት ጠባቂ ልጆችን በሚያገኝበት አገር ይህን የሌላ ሰው ታሪክ ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። በየቅሬው ቃሬዛ ለሚሸከሙ፣ ለሴቶቹም ጭምር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና አንድ ነርስ የአንድ ቀን ትምህርት ይስጡ፦ ደም መያዝ፣ ራሱን የሳተን ሰው አየር እንዳያጥረው በጎኑ ማስተኛት፣ የተሰበረ እግር በእንጨት ማሰር፣ ከተገለበጠ መኪና ሰው ሲወጣ አንገቱን አለመጎተት፣ ራሱን ለሳተ ውሃ አለማጠጣት (ይህን የመጨረሻውን እናቶቻችንን ማሳመን ቀላል እንዳይመስላችሁ)። ለየቃሬዛው ፋሻና ጓንት ያለበት አንድ ከረጢት ይሰጥ። አምቡላንስ ላይ ከሾፌሩ ሌላ የሠለጠነ አንድ ሰው ይኑር። በየጤና ተቋሙ በር ላይም ካርድ ከመጠየቁ በፊት በሽተኛውን የሚያይ ሰው ይቁም።

ቅሬያችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት ይሰበሰባል። ቃሬዛዋ አሁን በዳኛው ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፋለች፤ ጠፍሯን ከክረምቱ ወዲህ ቀይረነዋል። አስተማሪው ሲመጣ በሷ ላይ ያስተምረን፣ በሽተኛ ሆኖ የሚተኛላት ሰው አዘጋጅተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቅሬ አባል
ለጋምቦ፣ ደቡብ ወሎ