የጸጋዬን ቃላት በድምፅ መመሳሰል ብቻ አንፍታ

ለአዘጋጁ፦

የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ቃላት ፍቺና ምንጭ በተመለከተ የሚጻፈውን እከታተላለሁ። ሥራው ይበል የሚያሰኝ ነው። አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ሁለት ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ብቻ አንዱ የሌላው ምንጭ ተደርጎ ይቀርባል።

ጸጋዬ አምቦ አካባቢ፣ ቦዳ ተወልዶ አማርኛና ኦሮምኛ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። የጥንቷ ግብፅም ነገር ይመስጠው ነበር። ጥንታዊ ግብፅኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ከአንድ ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ ስለሆኑ መመሳሰል ቢገኝ አይገርምም። ይህ ግን አንዱ ከሌላው መዋሱን አያረጋግጥም። ባለቅኔ ቃላትን በምናቡ ቢያዛምድ መብቱ ነው። ያንን ለተማሪ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ መንገር ግን ጥፋት ነው።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ነው፤ «ምሥራቅ»ም የመጣው ከዚሁ ነው። «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። ግጥም በየፌስቡኩ ሲገለበጥ ሆሄው እንደነገሩ ስለሚጻፍ የቃሉ ሥር ይጠፋል።

የባህል ዓምዳችሁ በየሳምንቱ አንድ ቃል ይውሰድ። ስንኙን በመጽሐፉ እንደታተመው ያስፍር። ፍቺውን ከኪዳነ ወልድ ክፍሌና ከደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ጋር ያመሳክር። ቃሉ የኦሮምኛ ከሆነ የአምቦ አካባቢ ተናጋሪዎች ይጠየቁ። ባለቅኔው ራሱ የሰጠው ትርጓሜ ካለ ለብቻው ይጻፍ። ማስረጃ ያልተገኘለት ደግሞ «ምንጩ አልተረጋገጠም» ተብሎ ይታተም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ