የታሪክና ቅርስ ክበብ፦ ዓመቱን በመቅደላ ዘመቻ ሜዳሊያ ላይ

ክበቡ ዘንድሮ የሠራው በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ነው። ዕቃው የእንግሊዝ መንግሥት መቅደላ ለዘመቱት የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች፣ ለመርከበኞቹም ጭምር የሰጠው የብር ሜዳሊያ ነው። ዋናው በእጃችን ስለሌለ ከፎቶግራፍና ከታወቀው ልኩ ተነሥተናል፤ የክቡ ዲያሜትር 32 ሚሊ ሜትር፣ የሪባኑ ስፋት 38 ሚሊ ሜትር።

የመጀመሪያው ሥራ ቀን ማስተካከል ነበር። ሜዳሊያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1869 ሲሆን፣ የሚገባውም ከኦክቶበር 4 ቀን 1867 እስከ ኤፕሪል 19 ቀን 1868 ላገለገለ ነው። እነዚህን ቀኖች በዛሬው ልዩነት ወደ እኛ አቆጣጠር የለወጠ ሁሉ በአንድ ቀን ይስታል። የፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለለ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 በዛሬው ስሌት ሚያዝያ 5 ላይ ይወድቃል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉት ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መሆኑን ማንም ያውቃል። ስሌቱ ሲታረም የአገልግሎቱ ዘመን ከመስከረም 24 እስከ ሚያዝያ 12 ቀን 1860 ዓ.ም. ይሆናል። ሜዳሊያው የተቋቋመበት ቀን ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1861 ዓ.ም. ሆኖ ተገኘ፤ ለዓድዋ ድል ልክ 27 ዓመት ሲቀረው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቀኑን የረሳ ተማሪ የለም።

የዘመኑ ስፋት ሌላም ነገር ይናገራል። ከዙላ የባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ጦሩም በየመንገዱ ስንቅ የሚጠብቅ ሰው እየተወ ነው የሄደው። ስለዚህ ሜዳሊያውን ያገኘ ሁሉ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ውጊያው በተካሄደበት በእሮጌ ሜዳ ላይ ተኩሷል ማለት አይደለም። ሪባኑ ላይ የውጊያ ስም የሚጻፍበት ተጨማሪ ዘለበት ለዚህ ሜዳሊያ አልተሠራምና፣ ዕቃውን በማየት ብቻ ማን የት እንደነበረ መለየት አይቻልም።

ፊቱ ላይ መሐሉን የያዘችው ዓይነ ርግብ ያጠለቀችውና ትንሽ ዘውድ የደፋችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ዙሪያዋን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ከቧታል። በጫፎቹ መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ አንድ አንድ ፊደል እየሆነ ተበትኗል፤ ፊደሎቹም እንደ ጫፎቹ ዘጠኝ ናቸው። መቅደላ የሚል ቃል የለም፤ ቴዎድሮስም የለም።

ኮከቡን መሣል ከተጠበቀው በላይ አስቸገረ። ስድስት ጫፍ ቢሆን በኮምፓስ ብቻ ይወጣ ነበር። ዘጠኝ እኩል ክፍል ግን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ በትክክል እንደማይከፈል በሒሳብ የተረጋገጠ ነው፤ ፕሮትራክተር የግድ ይላል። 360 ለ9 ሲካፈል 40 ዲግሪ ነው። ብዙዎቹ ከአንዱ ጫፍ ወደሚቀጥለው 40 እየለኩ ሄዱ፤ በእያንዳንዱ ልኬት አንድ ዲግሪ ቢሳት ዙሩ ሲዘጋ ስሕተቱ 9 ዲግሪ ይደርስና የመጨረሻው ጫፍ ከመጀመሪያው ይጣበቃል። መፍትሔው ፕሮትራክተሩን ከዜሮ ሳያነሡ 40፣ 80፣ 120 እያሉ እስከ 320 ምልክት ማድረግ ነው። ፊደሎቹ በመካከል፣ በ20፣ በ60፣ በ100 እያሉ ይቀመጣሉ። ሥዕሉን በአምስት እጥፍ፣ በ16 ሴንቲ ሜትር ሠራነው፤ ኤ ፎር ወረቀት ላይ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ጀሶ ተዛወርን። ቅርጹ በጭቃ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ቀና የተጻፈ ፊደል በጀሶው ላይ ተገልብጦ ይወጣልና። ኤ፣ ዋይ እና አይ ግራ ቀኛቸው አንድ ስለሆነ አያጋልጡም። የሚያጋልጡት ቢ፣ ሁለቱ ኤስና ኤን ናቸው። ሥዕሉን በስስ ወረቀት ገልብጦ ጭቃው ላይ ማንጠፍና መስመሩን በመርፌ መውጋት ከዚህ ጣጣ ያድናል። የፊደሉ ግድግዳ ወደ ውጭ ዘመም ይበል፤ ቀጥ ብሎ ከተቆፈረ ጀሶው ጭቃው ውስጥ ይቀረቀርና ሲወጣ ይሰበራል።

200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ጀሶ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ክብ ይበቃል። ጀሶው ውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃው ጀሶው ላይ አይፈስም፤ ካልሆነ ይጓጉላል። ፈጥኖ ማማሰል አየር ያስገባል፤ አየሩ የሚጠራቀመው ደግሞ ኮከቡ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጫፎቹን በብሩሽ ቀብቶ ቀሪውን ማፍሰስ ይሻላል። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ሳይበርድ የነካው ጫፍ አጥቷል። የተረፈውን ማጠቢያ ውስጥ መድፋት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ቱቦ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

ለእኔ የዚህ ሜዳሊያ ዋናው ነገር ጀርባው ነው። በዘመኑ በነበሩት አብዛኞቹ የእንግሊዝ ዘመቻ ሜዳሊያዎች የባለቤቱ ስም የሚጻፈው ጠርዙ ላይ ነበር። በዚህኛው ግን ስሙና ክፍለ ጦሩ ወይም መርከቡ በጀርባው መሐል፣ በሎረል አክሊል ተከቦ፣ ፊደሉ ወደ ላይ አብጦ ይታያል። ለየአንዳንዱ ሰው እንዲህ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አሠራር ነው። ይህ ግን በአብዛኛው ለእንግሊዞቹ ነበር፤ የሕንድ ወታደሮች ስም ወደ ውስጥ ተመትቶ ነው የተጻፈው። አንድ ዘመቻ፣ አንድ ብር፣ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ። ተማሪዎቹ ሁለቱን በጀሶ አወጧቸው፤ ያበጠውን በጣት ማንበብ ይቻላል፤ የተመታው ውስጥ ግን ቀለም ካልገባ ከሩቅ አይታይም። በጀሶው ላይ የማንንም ወታደር ስም አልጻፍንም፤ ቦታው ባዶውን ቀርቷል።

ሜዳሊያው አናት ላይ ዘውድ፣ ከዘውዱ በላይ ሪባኑ የሚያልፍበት ቀለበት አለ። ሪባኑ ነጭ ሆኖ መሐሉ ሰፊ ቀይ ነው። በነጭ ሳቲን ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፍተን ሠራነው፤ በቀለም መቀባቱ አልተሳካም፣ ቀለሙ ወደ ነጩ ይሰርጋል።

ከአርበኛ አያቶች የተረፈ ኒሻን ቤታቸው ላለ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ብርን በአመድም በጥርስ ሳሙናም አትፈትጉ፤ ያበጠው ክፍል ተልጦ ያልቃል። ጠርዙን ብቻ ያዙ። ፎቶ ስታነሡ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ ፊት ለፊት ከመጣ ፊደሉ ይጠፋል።

ለመጪው ዓመት የመረጥነው ጣሊያን ከዓድዋ ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ለአፍሪካ ዘመቻዎቿ ያቋቋመችውን ሜዳሊያ ነው። የሚመዘገብ ተማሪ ፕሮትራክተርና አሮጌ የቀለም ብሩሽ ይዞ ይምጣ፤ ጀሶውን ክበቡ ያቀርባል።