የሥነ ልቦና ምሩቃን በደሴና በኮምቦልቻ መደብ ይከፈትላቸው

ክቡር አዘጋጅ፤

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የተማሩ ወጣቶች፣ እንደ ሌሎቹ ተመራቂዎች ሁሉ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኖባቸዋል። ፈተናውን አልፈው ሥራ ፍለጋ ሲወጡ ግን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሙያቸውን ስም የያዘ የቅጥር ማስታወቂያ የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው። በመሆኑም ገሚሱ ለባንክ ቤት ቅጥር ይወዳደራል፤ ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በትምህርት ቤት አማካሪነት የምሠራ እንደመሆኔ፣ እነዚህ ልጆች እጅግ በሚያስፈልጉን ወቅት ከእጃችን መውጣታቸው በብርቱ ያሳስበኛል።

ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያዩትን የጦርነት መከራ ለወሎ ሰው መንገር አያሻም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በግጭት በተጎዱ አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች አንዱ የድባቴ፣ የጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በዚህ ላይ ከዓረብ አገር ተጎሳቁለው የተመለሱ እህቶቻችን፣ ከገጠር መጥተው በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀጠሩና ከቤተሰብ ርቀው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣት ሠራተኞች አሉ። ከጦርነቱ በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች በኮንትራት የቀጠሯቸው ባለሙያዎች መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ፕሮጀክት ሲያልቅ ባለሙያው ይሰናበታል፣ ጉዳቱን መናገር የጀመረው ሰውም በመንገድ ላይ ይቀራል።

በሆስፒታል የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) አገልግሎት እያለ ሌላ ባለሙያ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። የሳይካትሪ ነርስም ሆነ ሐኪም በር ላይ ወረፋ እየጠበቀው ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ሰዓት ሊሰጥ አይችልም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዋና ሥራ ደግሞ በትክክል ይኸው ነው፤ ሰውየውን በየሳምንቱ እያገኘ ማዳመጥ፣ ችግሩን መለየት፣ መውጫውን አብሮት መፈለግ፣ መድኃኒት የሚያስፈልገውንም በጊዜ ወደ ሐኪም መላክ። ጠበሉንና ዱዓውን፣ የሽማግሌዎችንና የእድርን አጽናኝነት የሚያከብር ባለሙያ ከእነርሱ ጋር ተግባብቶ ሊሠራም ይችላል።

በቅርብ ስለማውቀው ስለ ትምህርት ቤት ትንሽ ልበል። በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች የአማካሪነት መደብ ሲገኝ እንኳ ከሌላ ሙያ የመጣ መምህር ይመደብበታል፤ በላዩ ላይ የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ይጨመርለታል፤ ተማሪ የሚያነጋግርበት ክፍልም የለውም። አባቷን በጦርነቱ ያጣች ተማሪ በመምህራን ማረፊያ፣ ሌሎች መምህራን ደብተር እያረሙ፣ የልቧን ትናገራለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በር ያለው አንዲት ጠባብ ክፍል ብትገኝ ብቻ የሚለወጠው ብዙ ነው።

በጀት የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እውነትነትም አለው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው አጭር የምክር ዘዴ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ5 ሳምንታት፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ በሚፈጅ ውይይት የሚሰጥ ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌላቸው ሰዎችም በቅርብ ክትትል ሥር ሠልጥነው ሊሰጡት ይችላሉ። ስለዚህ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚመደብ አንድ ባለሙያ ራሱ ከሚያማክራቸው በተጨማሪ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እያሠለጠነ ብዙ ቤተሰብ ሊደርስ ይችላል። የፓርኩ ፋብሪካዎችም ተባብረው አንድ ባለሙያ ቢቀጥሩ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ወጪ ቀላል ነው።

የልምድ ጉዳይም መታየት አለበት። ሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ፣ በዜሮ ዓመት የሚቀጥር በሌለበት ከተማ፣ ለአዲስ ምሩቅ የተዘጋ በር ነው። ነባር ባለሙያ እየተቆጣጠራቸው፣ አነስተኛ ክፍያ እያገኙ፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት የሚለማመዱበት አንድ ዓመት ቢዘጋጅ ለእነርሱም ለተገልጋዩም ይበጃል።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ከዚያ በፊት የመደብ ጥያቄያቸውን፣ ተፈላጊው ሙያ ሥነ ልቦና መሆኑን በግልጽ ጽፈው፣ ለሚመለከተው አካል እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንድ የትምህርት ቤት አማካሪ
ደሴ