3.2 የምትለዋን ቁጥር ወደ ኋላ ገጽ አድርጉልን፦ ለአይኤምኤፍ ማኔጂንግ ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ

ለክብርት ክሪስታሊና ጆርጂዬቫ
የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ማኔጂንግ ዳይሬክተር
ዋሽንግተን ዲሲ

ክብርት ሆይ፣

በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ በጀት የማወጣ ሰው ነኝ። የብድር መክፈያ ቀን እቆጥራለሁ፤ ከውጭ ለሚታዘዝ ዕቃ ገንዘብ አዘጋጃለሁ። ሥራዬ ከእናንተ የዓለም ኢኮኖሚ ትንበያ ሪፖርት ጋር በዓመት አራት ጊዜ ያገናኘኛል። ዋናው በኤፕሪልና በኦክቶበር ይወጣል፤ ማሻሻያው በጃንዋሪና በጁላይ። (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሪፖርቱ በወጣ በሰዓታት ውስጥ አንዲት ቁጥር ከመሃሉ ተመዝዛ ዓለምን ትዞራለች። የዓለም ኢኮኖሚ ዘንድሮ ይህን ያህል ያድጋል ትላለች። ዜናው ላይ እሷ ናት። የባንኩ ስላይድ ላይ እሷ ናት። ቦርድ ሲሰበሰብም መጀመሪያ የምትነሳው እሷው ናት።

አቤቱታዬ በዚች ቁጥር ላይ ነው። ውሸት ናት አልልም። ነገር ግን ድርጅትን የሚጥለው፣ የኢንቨስተርን ገንዘብ የሚበላው ነገር እሷ ውስጥ የለም።

2025ን እንውሰድ። በጃንዋሪ ለዓመቱ 3.3 በመቶ ዕድገት ገመታችሁ። በኤፕሪል ወደ 2.8 አወረዳችሁት። በጁላይ ወደ 3.0 መለሳችሁት። በኦክቶበር 3.2 አደረጋችሁት። አሥር ወር እንኳ ሳይሞላ ወርዶ ወጥቶ የተነሳበት አጠገብ ደረሰ። ከሩቅ ላየው ሰው «ታዲያ ምን ተፈጠረ? ምንም» ያሰኛል። የዚያን ዓመት የትዕዛዝ ደብተር ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

አሜሪካ በኤፕሪል 2 ሰፊውን ታሪፍ፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ፣ አወጀች። በኤፕሪል 9 ለአብዛኞቹ አገሮች የ90 ቀን ፋታ ሰጠች። ከቻይና በሚገባ ዕቃ ላይ የተጨመረው ታሪፍ ግን በዚያው ሰሞን እስከ 145 በመቶ ተሰቀለ፤ በሜይ አጋማሽ ደግሞ ወደ 30 ወረደ። አንድ ትዕዛዝ ፋብሪካ ገብቶ፣ ተመርቶ፣ ተጭኖ፣ ወደብ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ቀረጡ ደጋግሞ ተቀያየረ። ነጋዴው ዋጋ ሊተምን ቢቀመጥ በየትኛው ሒሳብ ይተምን? በ145 ከተመነ ገዢ የለም። በ30 ተምኖ መልሶ ቢወጣ ደግሞ ከኪሱ ነው።

በጁላይ ግምቱን ከፍ ስታደርጉ ካቀረባችኋቸው ምክንያቶች አንዱ ኩባንያዎች ታሪፉ ሳይመጣ ለመቅደም ዕቃ ቀድመው ማስገባታቸው ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀድሞ የገባ ዕቃ በንግድ መዝገብ ላይ እንደ ብርቱ እንቅስቃሴ ይታያል። ድርጅቱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። መጋዘን ሞልቷል። ካሹ ዕቃ ሆኖ ተቀምጧል። የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፣ የባንክ ወለድ ይቆጥራል። የሚቀጥሉት ወራት ትዕዛዝ ደግሞ አስቀድሞ ተበልቷል። እንግዲህ የእናንተ ቁጥር ያማረው በከፊል የእኛ ካሽ ስለታሰረ ነው። ይህን በዝርዝሩ ውስጥ ጽፋችሁታል፤ አልካድኩም። ግን አርዕስቱ «ትንበያው ተሻሻለ» ነበር። ያን አርዕስት አንብቦ በራሱ መጋዘን ላይ ሌላ ዕቃ የጨመረ ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር ወለድ ነው። በኦክቶበር 2021 ሪፖርታችሁ የዋጋ ንረቱ በአብዛኛው በ2022 አጋማሽ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳል ብሎ ነበር። በጁን 2022 የአሜሪካ ንረት 9.1 በመቶ ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የዩሮ ቀጣናው 10.6 ደረሰ። የዩክሬን ጦርነትን ማንም በቀኑ ሊተነብየው አይችልም ነበር፤ በዚህ አልወቅሳችሁም። የሚያሳስበኝ ከዚያ የመጣው ፍጥነት ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) በማርች 2022 ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው። አሥራ ስድስት ወር ብቻ!

በትንሽ ሒሳብ ላሳይዎት። አንድ ድርጅት ወለዱ ከገበያው ጋር የሚቀያየር 1 ሚሊዮን ዶላር ብድር አለበት እንበል። በ3 በመቶ ሲከፍል በዓመት 30 ሺህ ነው። ወለዱ 8 በመቶ ሲሆን 80 ሺህ ይሆናል። ከወለድ በፊት 70 ሺህ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ትናንት 40 ሺህ ትርፍ ነበረው። ዛሬ 10 ሺህ ኪሳራ ነው። አንድ ደንበኛ አልቀነሰም፣ አንድ ሠራተኛ አላጠፋም። የዓለም ዕድገትም አልወደቀም። በኦክቶበር 2022 ለ2023 የገመታችሁት 2.7 በመቶ ነበር፤ ዓመቱ ከዚያ በተሻለ አለፈ። ቁጥሯ ደህና አደረች፣ ድርጅቱ ግን ወገቡ ተሰበረ።

«ብድር የለብኝም፣ ካሽ ነው የያዝኩት» ያለውም አላመለጠም። በማርች 9 ቀን 2023 የአሜሪካው የሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ጥፋቱ ምን ነበር? በዝቅተኛ ወለድ ጊዜ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ቦንዶች ገዝቶ መቀመጡ። ወለድ ሲወጣ፣ አዲስ ቦንድ የተሻለ ስለሚከፍል፣ የያዛቸው ቦንዶች ዋጋ ወረደ፤ አስቀማጮችም ነቁ። ለሠራተኛ ደመወዝ የሚሆን ገንዘባቸው እዚያ የነበረ ኩባንያዎች ያን ቅዳሜና እሁድ እንዴት እንዳሳለፉት መገመት አያቅትም። መንግሥት እሁድ ማታ ሁሉም አስቀማጭ ገንዘቡን ያገኛል ባይል ኖሮ ሰኞ ሌላ ታሪክ ነበር።

የኢንቨስተሩም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በኦገስት 5 ቀን 2024 የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ መለኪያ ኒኬይ በአንድ ቀን 12.4 በመቶ ወደቀ፤ ከ1987 ወዲህ ያልታየ ነው። የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ከቀናት በፊት ወለዱን ወደ 0.25 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ሩብ በመቶ ማለት ነው እንግዲህ! የጃፓንን ገንዘብ (የን) በርካሽ ተበድረው ሌላ አገር ሀብት የገዙ ሰዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ሮጡ፤ ከአሜሪካ የወጣው ደካማ የሥራ መረጃም ድንጋጤውን አባሰው። በማግስቱ ገበያው 10 በመቶ ያህል ተመልሶ ወጣ። በተበደረው ገንዘብ የገባ ግን ማግስቱን አላየም፤ አበዳሪው ቀድሞ ሸጦበታል። የእናንተ የ2024 ግምት በጁላይ 3.2 ነበር። በኦክቶበርም 3.2። ቁጥሯ አልሰማችም።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ዕድገት አማካይ ነው፤ በአማካይ የሚከስር ሰው ደግሞ የለም። ሰው የሚከስረው ክፍያው በሚደርስበት ቀን ገንዘቡ እጁ ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው። ስለዚህ ለድርጅትም ለኢንቨስተርም ዋናው ጥያቄ «ዓለም ስንት ታድጋለች?» አይደለም። «ወለድ፣ ምንዛሪ፣ ማጓጓዣና ቀረጥ በምን ፍጥነት ሊዞሩ ይችላሉ? አብረው ይዞራሉ ወይስ ተራ በተራ?» ነው።

አብረው የሚዞሩ ከሆነ ነው ጉዱ። ለምሳሌ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ አብዛኞቹ ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች የስዊዝን መንገድ ትተው በደቡብ አፍሪካ ዙሪያ መሄድ ጀመሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚደረገው ጉዞ በአሥር ቀን ገደማና ከዚያም በላይ ረዘመ። ሰው የሚያወራው ስለ ማጓጓዣ ዋጋው ነው። ነገር ግን አሥር ቀን ዘግይቶ የደረሰ ዕቃ አሥር ቀን ዘግይቶ ይሸጣል፤ ብድሩ ደግሞ አሥር ቀን ተጨማሪ ወለድ ይበላል። ያም የሆነው ወለድ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ነው። ሁለት አደጋዎች በአንድ ደረሰኝ ላይ ተገናኙ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ መረጃው ቤታችሁ ውስጥ አለ። በኤፕሪል 2025 ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ድቀት የመከሰት ዕድሉ 30 በመቶ ነው ብላችኋል፤ በኦክቶበር 2024 ግምታችሁ 17 ነበር። ከ17 ወደ 30! ለእኔ የዚያ ሪፖርት ትልቁ ዜና ይኸው ነበር። በ2.8 ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። በ30 በመቶ ግን አውቃለሁ። አዲሱን ብድር አዘገየዋለሁ፣ የዱቤ ሽያጩን እቀንሳለሁ፣ የሦስት ወር ደመወዝ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ድቀቱ ሳይደርስ ቢቀር እንኳ የከፈልኩት መድን ነው። ይህ ቁጥር ግን የት ነበር? አርዕስት አልሆነም።

ሌላም ነገር አለ። የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርታችሁ የተለየ መጽሐፍ ነው። የመንግሥታት ዕዳ ሪፖርታችሁም እንዲሁ። የዓለም መንግሥታት ዕዳ በ2024 ከ100 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያልፍ የነገራችሁን በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ይወጣሉ። እኔ ጋ ግን ሦስቱ የሚደርሱት አንድ ሆነው ነው፦ መንግሥት ብዙ ሲበደር የረጅም ጊዜ ወለድ ይወደዳል፣ የኔም ባንክ ዋጋውን ከዚያ ላይ ይቆርጣል። በየቢሮው ተከፋፍሎ የተጻፈውን አደጋ ገጣጥሞ ማንበብ ለትልቅ ባንክ ቀላል ነው፤ ለዚህ የተቀጠረ ሰው አለው። አሥራ አምስት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ግን ማን ይገጣጥምለት?

የቁጥሯ ታሪክስ? በጃንዋሪ 2020 ለዓመቱ 3.3 በመቶ ዕድገት ተተነበየ፤ በኤፕሪል 3 በመቶ መኮማተር ተባለ። ወረርሽኝ ነው፣ እሺ። ነገር ግን ወረርሽኝ በሌለበትም ሰማዩ ያው ነው። የራሳችሁ ኢኮኖሚስት የነበሩት ፕራካሽ ሉንጋኒ በ1990ዎቹ በተለያዩ አገሮች የደረሱ 60 ድቀቶችን መርምረው፣ ከዓመት በፊት የተተነበዩት ሁለት ብቻ መሆናቸውን አሳይተዋል። የመረመሩት በዋናነት የግል ተንባዮችን ነው፤ የድርጅታችሁም ውጤት ከዚያ ብዙም የተለየ አልነበረም። ይህ ሁሉ ይታወቃል። የማይታወቀው፣ ከዚህ በኋላም ከነጥብ ቀጥሎ ያለችው አሃዝ ለምን እንደዚህ በልበ ሙሉነት እንደምትታተም ነው። 3.0 እና 3.2 መካከል ያለው ልዩነት ከስህተታችሁ ስፋት እጅግ ያነሰ ነው። ገበያው ግን በዚያ ልዩነት ይደሰታል፣ ይከፋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይኼን ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጥሯን ብቻዋን አታቁሟት። ክልሉን ስጡን፤ ከዚህ እስከዚህ በሉ። ከጎኑ የድቀት ዕድሉን፣ ካለፈው ሪፖርት ምን ያህል እንደተቀየረም ጻፉ። ያለፉት ዓመታት ግምታችሁ ከሆነው ነገር በምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ አንድ ሥዕል እዚያው ይቀመጥ፤ ሰው ራሱ ይመዝን።

ከዚያ ደግሞ ለነጋዴ የተጻፈ አራት ገጽ እፈልጋለሁ። በኢኮኖሚስት ቋንቋ ሳይሆን በደረሰኝ ቋንቋ። ታሪፍ ሲጨምር መጀመሪያ የሚመታው የትኛው ዓይነት ድርጅት ነው? በስንት ወር? ዶላር በ10 በመቶ ቢንቀሳቀስ በዶላር ገዝቶ በሌላ ገንዘብ የሚሸጥ ሰው ምን ይገጥመዋል? በ2025 የመጀመሪያ ግማሽ ዓመት ዶላር ከዋና ዋና ገንዘቦች አንጻር ያን ያህል ወርዷል፤ ተረት አይደለም። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አክሲዮኖች ድንገት ቢወድቁ አክሲዮን የሌለውስ ምን ይነካዋል? የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የአሜሪካ አክሲዮን መለኪያ ናስዳክ ከማርች 2000 እስከ ኦክቶበር 2002 ከሦስት አራተኛ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ያን ጊዜ የተሰረዙት ትዕዛዞች የአክሲዮን ገበያ በር ረግጠው የማያውቁ አቅራቢዎችን ጭምር ነክተዋል።

ሁለት ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንደኛው፣ አደጋን ከፊት ማስቀመጥ ገበያን ያስደነግጣል የሚል ነው። እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። ሰው የሚደነግጠው 3.2 ተብሎ ተኝቶ ድንገት ሲቀሰቀስ ነው። ሁለተኛው፣ የእኛ ደንበኞች መንግሥታት እንጂ ድርጅቶች አይደሉም የሚል ነው። እውነት ነው፣ 191 አባል አገሮች ናቸው ባለቤቶቻችሁ። የመንግሥታቱ ግብር ግን የሚመጣው ከእነዚሁ ድርጅቶችና ከሠራተኞቻቸው ነው።

የሚቀጥለው ዋና ሪፖርት እስኪወጣ ጊዜ አለ። አራቱ ገጾች ባይደርሱ እንኳ የድቀት ዕድሉን ከውስጥ አውጥቶ ከዕድገት ቁጥሩ ጎን ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለጋዜጠኞች በምትሰጡት መግለጫ ላይም ከዕድገቱ በፊት እሱ ይነበብልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋይናንስ ኃላፊ