የቀዶ ሕክምናው ወጪ ሲሞላ የሚታሸግ ሣጥን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። ኩላሊት ወይም ጉበት ሊተከልላቸው የሚገባ ሕፃናትን ቤተሰቦች በገንዘብ ማሰባሰብ፣ በወረቀት ሥራና በክትትል የምናግዝ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ነን። በጋዜጣችሁ የሚወጡትን የእርዳታ ጥሪዎች እንከታተላለን። የልጁ ፎቶ አለ፣ የሕመሙ ስም አለ፣ «ውጭ ሄዶ ለመታከም ይህን ያህል ብር ያስፈልጋል» የሚል አለ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ። ሜክሲኮ አደባባይ፣ ፒያሳና ስታዲየም ዙሪያ ድምፅ ማጉያ በጫነ መኪና የሚደረገው ጥሪም ከዚህ አይለይም። የሚጠራው ቁጥር የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ሣጥኑ ይታሸጋል፣ ባነሩ ይወርዳል፣ ሕዝቡም «እግዜር ይማረው» ብሎ ወደየጉዳዩ ይመለሳል። የልጁ ወጪ ግን ያኔ ገና መጀመሩ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ኩላሊት የተተከለለት ልጅ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ነው የሚቆጥረው፤ ከገዛ እናቱ የመጣ ቢሆንም እንኳ። እንዳይዋጋው አስታግሠው የሚይዙት መድኃኒቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት በተለመደው አወሳሰድ በየ12 ሰዓቱ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይዋጣሉ። ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ኩላሊቱ እየሠራ እስካለ ድረስ። ታክሮሊመስ ሲያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ያጠቃል፤ ሲበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ በደም ውስጥ ያለው መጠን እየተለካ ነው የሚሰጠው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ ደግሞ እየተራራቀ። ልጆች ይህን መድኃኒት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ከሰውነታቸው ስለሚያስወግዱት በኪሎ ሲሰላ የሚያስፈልጋቸው ይበልጣል፤ ባደጉ ቁጥርም መጠኑ ይለወጣል። ዘንድሮ የተሰላ የመድኃኒት በጀት ለከርሞ የማይበቃው የዋጋ ንረት ስላለ ብቻ አይደለም።

ምርመራው ራሱ የሚበላሽበትን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። ማታ 2 ሰዓት የዋጠ ልጅ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ የጠዋቱን ሳይወስድ ደሙ መቀዳት አለበት። የጠዋቱ ካፕሱል በወረቀት ተጠቅልሎ እናቱ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል፤ ደሙ ተቀድቶ ጥጡ ክንዱ ላይ ሲለጠፍ ያኔ ይዋጣል። ከሩቅ ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣ እናት ግን ሰዓቱ እንዳያልፍ ብላ ቤት ውስጥ ካዋጠችው፣ ውጤቱ ከእውነተኛው እጅግ ከፍ ብሎ ይወጣል። ያንን ያየ ሐኪም መጠኑን ሊቀንስ ይችላል፤ ሲቀነስ ደግሞ ኩላሊቱ ለጥቃት ይጋለጣል። ለምርመራው ቀን የሚሰጥ የኮንትራት ታክሲ ገንዘብ እንደ ቅንጦት መታየት የሌለበት ለዚህ ነው።

የመድኃኒት ገንዘብ ያለቀበት ቤተሰብ አያወራም፤ ያብቃቃል። ሁለቱን ካፕሱል አንድ ያደርጋል፣ የማታውን ይዘላል። ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በደም ምርመራ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ) ከፍ እስኪል ድረስ ብዙ ጊዜ የሚታይ ምልክት የለም። ሲታይ ደግሞ የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደምን በማሽን ወደ ማጣራት መመለስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል። በሕዝብ ገንዘብና በአንድ ወላጅ ኩላሊት የተገኘ ጤና በዚህ ዓይነት ሲጠፋ ማየት በጣም ያማል፤ ሁለተኛ ለጋሽ ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት የብዙ ቤተሰብ መድኅን ሆኗል፤ የሚልኩትን እናመሰግናለን። ሆኖም ታክሮሊመስ በቀን ሁለቴ የሚወሰድም፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟ በቀን አንዴ የሚወሰድም አለው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይተካም። ስሙ አንድ ሆኖ አምራቹ ሲለያይም የደም መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ድጋሚ ምርመራ መቀየር የለበትም። ለመላክ የሚፈልግ ወገን የያዘውን ፓኬት ፎቶ አንስቶ አስቀድሞ ለሐኪሙ ያሳይ። ከሁሉ የሚሻለው አንድ ዓይነት መድኃኒት ሳይቆራረጥ እንዲገዛ በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ መስጠት ነው። ቤት ውስጥም ምንጊዜም የአንድ ወር መጠባበቂያ ይኑር፤ ፋርማሲው «የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ሲል የሚያድነው እሱ ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ ቤተሰቡ በቃሉ ሊይዘው የሚገባ አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን በእጅጉ ዝቅ ያደርገዋል፤ አንቲባዮቲኮቹ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞልም ከፍ ያደርጉታል፤ ተቅማጥም ከፍ ያደርገዋል። ለራስ ምታት ተብሎ የሚገዛ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ ማንኛውም ክሊኒክ ሲገባ የመጀመሪያው ቃል «ልጄ ንቅለ ተከላ አለው» ይሁን። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ ሰዓቱን ይጠብቅ፣ ልጁ የሚጠጣው ውኃ የፈላ ይሁን። እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው (ከተዳከመ ተሕዋስ የሚሠሩ) ክትባቶች ከንቅለ ተከላ በኋላ በአብዛኛው ስለማይሰጡ የጎደለው ክትባት ከንቅለ ተከላው ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ መሟላት አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ጊዜው ካለፈ የማይካስ ነገር ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለ20 ሺህ ዶላር 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ይበቃናል ብሎ ሲሰበስብ የነበረ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ አስፈለገው። ስለዚህ ግቡ በውጭ ምንዛሪ ተጽፎ፣ የብሩ አቻ በየሳምንቱ ይታደስ። ውጭ ያሉ ወገኖች የሚያዋጡት ደግሞ ወደ ብር ተለውጦ ተመልሶ ዶላር ከሚፈለግለት፣ እዚያው ተይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሂሳብ ቢገባ ይሻላል። በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ባለ የባንክ ሂሳብ ገንዘብ ስለማይከፍል አገልግሎቱ በሚሰጥበት አገር፣ ለምሳሌ አሜሪካ፣ ያለ የታመነ ሰው ተረካቢ መሆን አለበት፤ ማን እንደሆነና ገንዘቡ እንዴት ለሆስፒታሉ እንደሚደርስ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይገለጽ።

ከውጭ ሆስፒታል የሚመጣው የዋጋ ደብዳቤ በጥንቃቄ ይነበብ። የለጋሹን ቀዶ ሕክምና ይጨምራል? የስንት ቀን አልጋ ነው? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ምርመራ ተቆጥሯል? ከተባለው ቀን በላይ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢቆይስ? ከሆስፒታል ሲወጣ የሚይዘው መድኃኒት የስንት ጊዜ ነው? ብዙ ጊዜ «ፓኬጅ» የሚባለው የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አያካትትም። ልጁና ለጋሹ ከወጡ በኋላም ለክትትል ሁለትና ሦስት ወር እዚያው ቤት ተከራይተው መቀመጥ ሊኖርባቸው ይችላል። ደላላ በስልክ የሚነግረው ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ሆስፒታሉ ራሱ በማኅተሙ የጻፈው ብቻ ነው የሚያዘው።

አገር ውስጥ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሠራው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። የልጁ ሐኪም እዚህ መሠራት ይችላል ወይ የሚለውን ሳይመልስ ባነር ማሳተም መቸኮል ነው።

ወደ ህንድ የሚሄዱ ቤተሰቦችን የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው። የህንድ የአካል ንቅለ ተከላ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ሕጉ የለጋሹንና የታካሚውን ዝምድና በማስረጃ ይጠይቃል፣ የውጭ ዜጎች ሲሆኑ ደግሞ የኤምባሲያቸው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ችግሩ ከእኛ አሰያየም ይጀምራል። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ እናት በአባቷ ስም፤ ስለዚህ ኩላሊቷን ልትሰጥ የቀረበች እናት በፓስፖርት ላይ ከልጇ ጋር አንድም የጋራ ስም የላትም። ዝምድናው በወረቀት በዋናነት የሚታየው በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ፊደል ከፓስፖርቱ ከተለየ ፋይሉ ሊመለስ ይችላል፤ እስኪታረም ድረስ ልጁ እጥበት ላይ ይቆያል። ከየትኛውም ክፍያ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የሁለቱ ፓስፖርትና የሆስፒታሉ ደብዳቤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊደል በፊደል ይመሳከሩ።

ዘመድ ያልሆነን ሰው በገንዘብ ገዝቶ «አጎቱ ነው» ብሎ ማቅረብ ወንጀል ነው፤ ሲታወቅ ሕክምናው ይቆማል፣ የወጣው ገንዘብም በከንቱ ይቀራል። ጋዜጣችሁ «ኩላሊት የሚሰጥ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እንዳያስተናግድ አጥብቀን እንለምናለን።

ለጋሹ የሚረሳ ሰው ነው። የቀን ሥራ የሚሠራ አባት ኩላሊቱን ከሰጠ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለበትም። እናት ከታማሚው ጋር ናት፤ ሌሎቹ ልጆች አያታቸው ዘንድ ናቸው። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ይህ በጀት ውስጥ ካልገባ አባት ቁስሉ ሳይጠና ሲሚንቶ ሊሸከም ይወጣል። የለጋሹ የደም ግፊትና የሽንት ምርመራም በየዓመቱ መቀጠል አለበት።

ስለዚህ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከመጀመሪያው በሦስት ይከፈል እንላለን፤ ለሕክምናውና ለጉዞው፣ ለቤተሰቡ መኖሪያ፣ እንዲሁም ቢያንስ ለሁለት ዓመት መድኃኒትና ምርመራ። ሦስተኛው ለቀዶ ሕክምናው መሙያ ተብሎ አይነካ። ሂሳቡ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፤ አንድ ወላጅ፣ አንድ የእድር ወይም የሰፈር ሰውና አንድ ከዘመድ ውጭ የሆነ ሰው፣ ገንዘብ ሲወጣ ሁለቱ የሚፈርሙበት። ገንዘብ ቢተርፍ ወይም፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ልጁ ሳይደርስ ቢቀር ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ሣጥኑ ከመውጣቱ በፊት ተጽፎ ይፈረም። በኀዘን ቤት ይህን መነጋገር አይቻልም፤ ሳይነጋገሩ የቀሩ ዘመዳሞች ሲካሰሱም አይተናል።

እድሮችንም እዚህ ላይ እንጠይቃለን። ድንኳን ለመትከልና ለቀብር የሚከፈለው ገንዘብ በመተዳደሪያ ደንብ የተጻፈ ነው። እዚያው ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሮ ከአባል በወር ጥቂት ብር ለአንድ ልጅ መድኃኒት ማዋል ይቻላል። እድር ወር ጠብቆ መሰብሰብ ያውቅበታል፤ የልጁ መድኃኒትም በየወሩ ነው የሚገዛው።

ጉበትን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከተወለደ 14 ቀን አልፎት ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሰገራው የነጣ ሕፃን «ፀሐይ ሲሞቅ ይለቀዋል» ተብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም። የሐሞት ቱቦ መዘጋት ከሆነ ካሳይ የሚባለው ቀዶ ሕክምና በተሻለ የሚሳካው 60 ቀን ሳይሞላው ነው፤ ከዘገየ ልጁ ቶሎ ንቅለ ተከላ ወደሚፈልግበት ደረጃ ይደርሳል። በጊዜው ለሚደረግ ምርመራ የሚሰጥ ትንሽ ገንዘብ ኋላ ሚሊዮን የሚጠየቅበትን ጥሪ ሊያስቀር ይችላል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንፈልገው ይህ ነው፤ ጥሪ ከመታተሙ በፊት በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በሆስፒታሉ የታወቀ ስልክ ተደውሎ ይጣራ፤ ወጪው ከነዝርዝሩ ይውጣ፤ የልጁ ሙሉ ስምና አፍንጫው ላይ ቱቦ የተሰካበት ፎቶ ይቅር። ነገ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ነው። ከስድስት ወር በኋላም የቀረው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ መድኃኒቱ የስንት ወር እንደተያዘለት በሦስት መስመር ይታተም። ለዚህ የሚሆን ባለ አንድ ገጽ የወጪ ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘን ልከናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕሙማን ሕፃናትን ቤተሰቦች የምንረዳ ማኅበራዊ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች
ከአዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ