የቶምና ጄሪ ብሉሬይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የቶምና ጄሪ ካርቱን ብሉሬይ (የቪዲዮ ዲስክ)፣ የመጀመሪያውን ቅጽ፣ ሰሞኑን ከልጆቼ ጋር አየሁት። 37 ክፍሎች አሉት። የተደረደሩት በተሠሩበት ቅደም ተከተል ነው፤ ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። ቶም በ1940 ሲጀምር ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ የምር ድመት የሚመስል ነበር። ቀስ በቀስ መልኩ ሲለወጥ ቁጭ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ሙዚቃውማ ልዩ ነው! የካርቱኑ ሙዚቃ ደራሲ የስኮት ብራድሊ ኦርኬስትራ የጄሪን እርምጃ አንድ በአንድ ይከተላል። ንግግር እምብዛም ስለሌለው ትንሹ ልጄ ማንም ሳያስረዳው ይንከተከታል።

ቅር ያለኝ በሁለተኛው ቅጽ ነው። በ2013 ይወጣል ተብሎ ሳይወጣ ቀረ። በጥቁሮች መልክ የሚያላግጡ ትዕይንቶች ያሉባቸው ሁለት ክፍሎች ከዝርዝሩ ወጥተው ስለነበር፣ የካርቱን ዲስክ የሚሰበስቡ ሰዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የጥቁር ልጆች አባት ነኝ፤ ትዕይንቶቹ ያሙኛል። ቢሆንም ከዝርዝሩ መሰረዝ አልነበረባቸውም። ከፊታቸው አጭር ማሳሰቢያ ይበቃ ነበር። ለልጆቼ መቼ እንደማሳያቸው፣ ምን ብዬ እንደማስረዳቸው እኔ አውቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ